የሱቅ ዋጋና የቤት ዋጋ፦ ከሓጢብ ዘቢብ እስከ ቴሌግራም ቻናል



አንድ ወጣት መርካቶ ገብቶ ጫማ ይለካል። 41 ይጠበዋል፣ 42 ያስመጣል፣ ጎንበስ ብሎ ክሩን ያስራል፣ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይራመዳል። ዋጋ ሲጠይቅ፣ እንበል፣ 3,500 ብር ይባላል። «እሺ፣ ዞሬ እመጣለሁ» ብሎ ይወጣና ደረጃው ላይ ቆሞ ስልኩን ይከፍታል። ያው ጫማ፣ ያው ቀለም፣ አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ 2,800 ብር ተለጥፏል። ቁጥሩንም አሁን ያውቀዋል፤ 42 ነው። እዚያው ቆሞ ያዛል። ማታ ለጓደኞቹ ሲያወራ ባለሱቁን በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፦ «ሌባ ነው።»

እኔም ይህን ቃል ብያለሁ፤ አልዋሽም። ግን ሌባ ማለት በሰው ክብር ላይ የሚወድቅ ከባድ ቃል ነው። ደግሞ በገበያ ዋጋና በቤት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ስልክ ያመጣው ነገር አይደለም። ከ1,300 ዓመት በላይ አስቀድሞ ይኸው ጉዳይ በሁለት ከረጢት ዘቢብ ምክንያት ከኸሊፋው ፊት ቀርቦ ነበር። ታሪኩ ረዘም ይላልና ሻይ ይዛችሁ ተከተሉኝ።

ሓጢብ ኢብኑ አቢ በልተዓ (ረ.ዐ) በበድር የተሳተፉ ሶሓባ ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለግብጹ ገዥ ለሙቀውቂስ የላኩትን ደብዳቤ ያደረሱትም እሳቸው ነበሩ። በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የኸሊፋነት ዘመን (እ.ኤ.አ. 634–644) አንድ ቀን ሓጢብ በመዲና የሙሶላ ገበያ ሁለት ከረጢት ዘቢብ ከፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ዑመር በዚያ ሲያልፉ ዋጋውን ጠየቁ። ሓጢብም በአንድ ዲርሀም ሁለት ሙድ እንደሚሸጡ ነገሯቸው። (ሙድ ማለት መካከለኛ ቁመና ያለው ሰው ሁለት መዳፉን ገጥሞ የሚያፍሰው ያህል ነው።) ዑመር በዚህ አልተደሰቱም። ከጣኢፍ ዘቢብ የጫነ ቅፍለት እየመጣ እንደሆነ መስማታቸውን፣ እነዚያ ነጋዴዎችም የሓጢብን ዋጋ አይተው እንደሚተምኑ ገለጹላቸው። ስለዚህ ከሁለት አንዱን እንዲመርጡ ነገሯቸው፦ ወይ ዋጋቸውን ከፍ ያድርጉ፣ ወይ ዘቢቡን ወደ ቤታቸው አስገብተው እንደፈለጉ ይሽጡ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዑመር ናቸው ይህን ያሉት። በረሃብ ዘመን ራሳቸው ቅቤ እምቢ ብለው ሆዳቸውን የቀጡት፣ ሌሊት የዱቄት ከረጢት በትከሻቸው ተሸክመው የተራቡ ልጆችን ያበሉት ዑመር፣ አንድን ነጋዴ «ርካሽ ሸጥክ» ብለው ሲወቅሱ ማየት ግር ይላል። ግን እሳቸው የሚያዩት የዛሬውን ገዢ ብቻ አልነበረም። ከጣኢፍ እስከ መዲና የብዙ ቀን መንገድ ነው። ግመል ይበላል፣ ሰው ይደክማል፣ ዕቃ ይበላሻል። ቅፍለቱ ደርሶ ዋጋው ከድካሙ በታች ሆኖ ካገኘው በሚቀጥለው ዓመት ፊቱን ወደ ሌላ ከተማ ያዞራል። ያኔ መዲና የሚቀራት የሓጢብ ሁለት ከረጢት ብቻ ይሆናል። ሁለት ከረጢት ደግሞ ከተማ አያጠግብም።

ሁለተኛው ምርጫ፣ «ወደ ቤትህ አስገብተህ እንደፈለግህ ሽጥ» የሚለው፣ ለኛ ጥያቄ ቁልፍ ነው። ገበያ ላይ ሲሆን ችግር የሆነው ዋጋ ቤት ሲገባ ለምን ችግር አልሆነም? ይህን ለመረዳት የመዲና ገበያ ምን ዓይነት ቦታ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ከተማዋ ገበያ ነበራት። የታወቀው የበኑ ቀይኑቃዕ ገበያ ነው። እሳቸው ግን ለሙስሊሞች ሌላ ገበያ ሊያቋቁሙ ፈልገው በአንድ ስፍራ ድንኳን ተከሉ፤ ከዕብ ኢብኑል አሽረፍ ገብቶ ገመዱን ቆረጠው። ከዚያ ገበያውን ወደ ሌላ ሰፊ ሜዳ አዛወሩት። ገበያው እንዳይጠብባቸው፣ ግብርም እንዳይጣልበት መናገራቸውን የታሪክ ጸሐፍት ዘግበዋል።

ሜዳ ነው እንጂ ሕንጻ አልነበረውም። የመዲናን ታሪክ በሰፊው የጻፉት አስ-ሰምሁዲ (በሂጅራ 911 ያረፉ) ያቆዩልን አንድ ሥዕል አለ፦ ከሩቅ የመጣ ሰው ጭነቱን ገበያው ውስጥ አንድ ቦታ አውርዶ ሙሉውን ይዞራል፤ በዞረበት ሁሉ ጭነቱ ከዓይኑ አይሰወርም። የሚጋርደው ግድግዳ የለማ። መቀመጫ የሚያዘውም እንደ መስጊድ ሶፍ ነው። ቀድሞ የመጣ ይቀመጣል፣ እስኪነሳ ድረስ የሱ ነው፣ ነገ ሌላ ከቀደመው የሌላው ነው። በኩፋም ይኸው ሥርዓት ነበር። ዑመር በአንድ ወቅት ቀጥቃጭ ገበያው ውስጥ ምድጃ ሠርቶ ቢያገኙት በእግራቸው መትተው አፍርሰውታል፤ የነቢዩን ገበያ ያጠበበ ነውና።

እንግዲህ አስቡት። ሓጢብ ገበያ ሲቀመጡ የሚከፍሉት ኪራይ የለም። ቤታቸው ሲገቡም የለም። መብራት የለ፣ የጥበቃ መዋጮ የለ፣ ግብር የለ። በወጪ ረገድ ገበያና ቤት እኩል ነበሩ። ስለዚህ ዑመር በሁለቱ መካከል ያዩት ልዩነት የወጪ ሊሆን አይችልም። የዕይታ ልዩነት ነው። ገበያ ላይ የተነገረ ዋጋ በሰው ሁሉ ጆሮ ይገባል፤ ለሌላው ነጋዴ መለኪያ ይሆናል፤ ለመጪው ቅፍለት ዜና ሆኖ ይቀድማል። ቤት ውስጥ የተነገረ ዋጋ በሁለት ሰዎች መካከል ይቀራል።

የወጪው ልዩነት የመጣው በኋላ ነው፤ መቀመጫው ራሱ ዋጋ ሲያወጣ።

የመጀመሪያው እርምጃ በሙዓዊያ (ረ.ዐ) ዘመን በመዲና ገበያ ውስጥ የተሠሩት ሁለት ቤቶች ናቸው፤ ገንዘብም ይሰበሰብባቸው ጀመር። ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ (እ.ኤ.አ. 717–720 የገዙት) ይህን ለመመለስ ሞክረዋል፤ ገበያው ሶደቃ ስለሆነ ኪራይ እንዳይወሰድበት ከልክለዋል። ቃሉን ልብ በሉት። ሶደቃ ነው ያሉት፣ የሕዝብ ምጽዋት፣ እንደ ውኃ ጉድጓድ። ግን አልቆየም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በሂሻም ኢብኑ ዐብዱልመሊክ ዘመን ገበያውን የሸፈነ ትልቅ ሕንጻ ተሠራ። ታች ሱቆች፣ ላይ የሚከራዩ ክፍሎች። ዛሬ «ሞል» የምንለው ነገር ማለት ነው፣ ሊፍቱ ሲቀር። ቀድሞ የመጣ ይቀመጥ የሚለው ቀረና የከፈለ ይቀመጥ ሆነ። የመዲና ሰዎች ይህን ምን ያህል እንደጠሉት የታወቀው ሂሻም ሲሞት ነው። በሂጅራ 125 (እ.ኤ.አ. 743) የሞቱ ዜና እንደደረሰ ተነስተው ሕንጻውን አፈረሱት።

ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ የጠሉት ሕንጻ መሆኑ ነው። ሕንጻ ጥላ ነው፣ ከዝናብ መጠለያ ነው፣ በር ያለው ሱቅ ዕቃ አሳድሮ ለመሄድ ይመቻል። ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ግን ጥላው በየወሩ እንደሚከፈልበት፣ የሚከፍለውም በመጨረሻ ዘቢብ ገዢው እንደሆነ ገብቷቸዋል።

በባግዳድ ግን ማንም አላፈረሰም። ኸሊፋ አል-መንሱር በሂጅራ 157 ገበያዎቹን ከክቡ ከተማ አውጥተው ወደ ከርኽ አዛወሯቸው፤ እስኪሞቱ ድረስም ግብር አልጣሉባቸውም። ልጃቸው አል-መህዲ በሂጅራ 167 በሱቆቹ ላይ ግብር ጣሉ። ከዚያ ወዲያ በሙስሊሙ ዓለም ትላልቅ ከተሞች ሱቅ ማለት ኪራይና ግብር ያለበት ቦታ ሆነ፣ ሰውም ለመደው።

የዋጋውን ምክንያት ቁጭ ብለው ያብራሩት ኢብኑ ኸልዱን (እ.ኤ.አ. 1332–1406) ናቸው። በሙቀዲማቸው ስለ ከተሞች ዋጋ በሚያወሩበት ምዕራፍ፣ በገበያዎችና በከተማ በሮች የሚጣለው ቀረጥ በዕቃው ዋጋ ውስጥ ስለሚገባ የከተማ ዋጋ ከበረሃው ዋጋ እንደሚበልጥ ይገልጻሉ። በረሃ ላይ ቀረጥ ሰብሳቢ የለም ወይም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ዕቃ ይረክሳል። በኛ ቋንቋ ብንመነዝረው፦ ከተማው ሱቁ ነው፣ በረሃው ቴሌግራሙ ነው።

ይህ የኢብኑ ኸልዱን ነገር በዘመናችን በአሜሪካ ቃል በቃል ሆኖ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩዊል በተባለ ድርጅት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ አንድ ክፍለ ግዛት በግዛቱ ውስጥ ሱቅም ሆነ መጋዘን የሌለውን ሻጭ የሽያጭ ግብር እንዲሰበስብ ማስገደድ እንደማይችል ወሰነ። ኩዊል የቢሮ ዕቃ በፖስታ የሚልክ ነጋዴ ነበር፤ ኢንተርኔት ገና አልተስፋፋም። ሲስፋፋ ግን የውሳኔው ጥላ ሥር የገቡት የኢንተርኔት ሻጮች ሆኑ። ጥግ ላይ ያለው መጽሐፍ ሻጭ ግብሩን ጨምሮ ይሸጣል፣ ከሌላ ግዛት በፖስታ የሚልከው ሳይጨምር ይሸጣል። ገዢውም ራሱ እንዲከፍል የሚያዝ ሕግ በብዙ ቦታ ቢኖርም የሚከፍለው ጥቂት ነበር። ይህ 26 ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በዌይፌር ጉዳይ ተሻረ። ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ከዋጋው ልዩነት አንዱ ክፍል ብልሃትም ርካሽ ግዢም አልነበረም። በር ያለው ይከፍላል፣ በር የሌለው አይከፍልም፤ በቃ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሕጋችን በስልክ የሚሸጠውንም ነጋዴ ነጋዴ ብሎ ነው የሚያውቀው። ንግድ ፈቃድ፣ ግብር፣ ለቫት የተመዘገበ ከሆነ 15 በመቶ፣ ሁሉም በሁለቱም ላይ ነው። ግን በር የሌለውን ማንኳኳት ከባድ ነው። ባለሱቁ የሽያጭ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ተቆጣጣሪ ይጠብቃል፤ ቻናሉ ስሙን ቀይሮ ሌሊት ያድራል። ሁሉም የኦንላይን ሻጭ እንዲህ ነው አላልኩም። ፈቃድ አውጥተው ደረሰኝ ከዕቃው ጋር የሚልኩ እህቶችና ወንድሞች አሉ፣ አላህ ይጨምርላቸው። እነሱ ደግሞ ዋጋቸው ከሱቁ ብዙም እንደማይርቅ አይታችሁ ይሆናል።

ኪራይስ? የመርካቶ ኪራይ ታሪክ ራሱ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። ጣልያን አዲስ አበባን በያዘበት ጊዜ (እ.ኤ.አ. 1936–1941) ትልቁን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንስቶ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ መርካቶ የሚለውም ስም የሱው ቋንቋ ነው። ከዚያ ቦታው ወርቅ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ተዛወሩ። በዚህ የተነሳ ለብዙ ዓመታት በአንድ መንገድ ላይ አንዱ ነጋዴ በጥንት የቀበሌ ኪራይ፣ ጎረቤቱ በአዲስ ሕንጻ በካሬ ሜትር ተተምኖ እየከፈሉ ጎን ለጎን ይነግዱ ነበር።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የቀበሌ ሱቅ የያዘው ሰው ከጎረቤቱ አርክሶ ይሸጥ ነበር? መርካቶን የሚያውቅ ይመልስልኝ። አይሸጥም ነበር። በመንገዱ ዋጋ ነው የሚሸጠው፤ ትርፉ ኪሱ ይገባል። እንዲያውም አንዳንዱ ንግዱን ትቶ ሱቁን ለሌላ በውድ አከራይቶ ልዩነቱን እየበላ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ኢብኑ ኸልዱን ትክክል ሆነው ሳለ ነገሩ አንድ ዙር ይጨምራል። «ኪራይ ስለሚከፍል ያስወድዳል» የምንለው ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ ሰው በዚያ ቦታ ውድ ለመክፈል ስለሚመጣ ኪራዩ ይወደዳል። አከራዩ የገዢውን እግር ቆጥሮ ነው ኪራዩን የሚተምነው። ስለዚህ ከ3,500 ብሩ ላይ የባለሱቁ እጅ የሚቀረውን ሳናይ ሌባ ማለት ቢያንስ የሰውዬውን አድራሻ መሳሳት ነው።

ኪራይን ሁሉ እርኩስ አድርጌ እንዳልስል ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሡልጣን መሕመድ አል-ፋቲሕ ቁስጥንጥንያን እ.ኤ.አ. በ1453 ከከፈቱ በኋላ ዛሬ የኢስታንቡል ታላቁ የተሸፈነ ገበያ የምንለውን ቦታ ሲያስጀምሩ ኪራዩን ለአያሶፊያ መስጊድ ወቅፍ አደረጉት። ጨርቅ የገዛ ሰው ሳያውቀው የመስጊድ መብራት ዘይት ገዛ ማለት ነው። በየከተማችንም መስጊድ ዙሪያ ያሉትን ሱቆች ኪራይ አስቡ። የመዲና ሰዎች ያፈረሱት ኪራይና የኢስታንቡሉ ኪራይ በገዢው ኪስ ላይ አንድ ናቸው፤ በሚሄዱበት ግን አይገናኙም።

ከኪራይና ከግብር ሌላ የሱቅ ዋጋ ውስጥ ያለው ትልቁ ነገር ዕቃው ራሱ እዚያ መኖሩ ነው። ባለሱቁ አንድ ዓይነት ጫማ ሲያመጣ 42 ብቻ አያመጣም፤ ከ38 እስከ 44 ያመጣል። ጠርዝ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁለት ረመዳን መደርደሪያ ላይ ሊጾሙ ይችላሉ። ያ የታሰረ ገንዘብ ነው። ብዙ ቻናሎች ግን ጫማ የላቸውም፤ የጫማ ፎቶ ነው ያላቸው። ሰው ሲያዝ ሮጠው ከመርካቶ ያነሳሉ።

ይህም አዲስ አይደለም። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያቀረቡት ጥያቄ ይኸው ነበር፦ ሰው መጥቶ እኔ ዘንድ የሌለ ዕቃ ይገዛኛል፣ እኔም ከገበያ ገዝቼ እሰጠዋለሁ የሚል። ነቢዩም ዘንድህ የሌለውን አትሽጥ ሲሉ መለሱላቸው። በተቃራኒው ዑርወቱል ባሪቂ (ረ.ዐ) አንድ በግ እንዲገዙ ከነቢዩ አንድ ዲናር ተሰጥቷቸው በዚያው ዲናር ሁለት በግ ገዙ፣ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጡና በግም ዲናርም ይዘው መጡ። ነቢዩም በንግዳቸው በረካ እንዲያገኙ ዱዓ አደረጉላቸው። አንደኛው የሌለውን ሸጠ፣ ሁለተኛው በውክልና ገዛ። ፈትዋ መስጠት የኔ ቦታ አይደለም፤ ዑለማዎቻችንን ጠይቁ። ግን ቻናል ከፍታችሁ የምትነግዱ ልጆች በእነዚህ ሁለት ሶሓባዎች መካከል የት እንደቆማችሁ ዛሬውኑ ብታዩት መልካም ነው። ርካሽነታችሁ የመጣው መደርደሪያ ስለሌላችሁ ከሆነ መደርደሪያ አለኝ አትበሉ። «ዕቃው እኔ ዘንድ የለም፣ አዛችሁኝ በዚህ ያህል የድካም ዋጋ ገዝቼ አመጣላችኋለሁ» ማለት የዑርወን መንገድ ይመስላል።

(በነገራችን ላይ፣ ሰው የሰው ፖስት ሥር «ኢንቦክስ ና፣ በቅናሽ አለኝ» ብሎ የሚጽፈው፣ በወንድም ሽያጭ ላይ መሸጥን የሚከለክለውን ሐዲሥ አንዴ ከነማብራሪያው ያንብብ።)

ሌላም በሱቅ ዋጋ ውስጥ ያለ ነገር አለ፤ እጅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ያታለለ ከሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ይህን ሐዲሥ ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ግን እጅ የገባው ክምሩ እዚያ ስለነበረ ነው። ፎቶ ውስጥ እጅ አይገባም። የቴሌግራሙ ጫማ ሲመጣ ሽታው፣ ስፌቱ፣ ክብደቱ ከላይ የታየው ይሁን ከታች የተደበቀው የምታውቀው ከፍለህ ከወሰድክ በኋላ ነው። ፉቀሃእ ሳያዩ ስለተገዛ ዕቃና ነውር ስለተገኘበት ዕቃ ምርጫን፣ ማለትም ኺያርን፣ ያን ያህል ገጽ የጻፉት ለዚህ ነው። ባለሱቁን ነገ ሄደህ ታገኘዋለህ፤ ቢያንስ በሩን ታውቀዋለህ። አንዳንዱን ቻናል ግን ስትፈልገው ብሎክ አድርጎህ ታገኛለህ። አንድ ጊዜ ለልጄ የዒድ ልብስ አዝዤ የደረሰኝ ነገር ከፎቶው ጋር የሚጋራው ቀለሙን ብቻ ነበር፤ መልስ ብል ቻናሉ ጠፍቷል። የ600 ብር ቅናሹ የት እንደገባ ያኔ ገባኝ።

እንግዲያስ የመጀመሪያው ወጣት፣ ሱቅ ለክቶ ከቻናል የገዛው፣ የሱቁን ዋጋ ግማሽ ተጠቅሞበታል። መደርደሪያው፣ ወንበሩ፣ መስታወቱ፣ 41 እና 42 አብረው መኖራቸው ለሱ አገልግለዋል። ክፍያው የሄደው ወደ ሌላ ነው። ይህ የጣኢፉ ቅፍለት ጉዳይ ነው። ሱቁ ቢዘጋ ቻናሉ ከየት ያነሳል? አንተስ የት ሄደህ ትለካለህ?

ታዲያ ዑመር ትክክል ነበሩ፣ ርካሹ ሻጭ ይቀጣ ልንል ነው? አይደለም። የሓጢብ ታሪክ ሁለተኛ ክፍል አለው፤ እስካሁን ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው።

ኢማሙ ማሊክ በአል-ሙወጠእ የዘገቡት አጭሩን ነው፦ ዑመር ሓጢብን ወይ ዋጋ እንዲጨምሩ ወይ ከገበያው እንዲነሱ ማለታቸውን። የማሊኪያ ሊቃውንትም ከገበያው ዋጋ የወጣ ሰው ወይ ከሰው ጋር ይስተካከል ወይ ይውጣ ለሚለው አቋማቸው ይህን ተጠቀሙበት፤ የሚነሳው ያረከሰው ነው ወይስ ያስወደደው በሚለው ላይ ግን እርስ በርሳቸው ተከራክረዋል። ኢማሙ ሻፊዒይ የዘገቡት፣ በይሀቂም ያቆዩልን ዘገባ ይቀጥላል። ዑመር ከገበያ ሲመለሱ ነፍሳቸውን ተሳሰቡ። ከዚያ ወደ ሓጢብ ቤት ሄዱ። ያልኩህ ትእዛዝም ፍርድም አልነበረም፣ ለከተማው ሰው መልካም ይሆናል ብዬ ያሰብኩት ነገር ነው፤ በፈለግህበት ቦታ፣ እንደፈለግህ ሽጥ የሚል መልእክት ነበር የነገሯቸው።

ሻፊዒይ ከዚህ ተነስተው ማሊክ የዘገቡት ስሕተት ሳይሆን ከፊል መሆኑን ይናገራሉ፤ ሰዎችም በገንዘባቸው ላይ ሥልጣን አላቸው ይላሉ። ይህ ደግሞ ዋጋ ወደ ላይ በወጣ ጊዜም ይገጥማል። በመዲና ዕቃ ሲወደድ ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ዋጋ እንዲወስኑላቸው ጠይቀው እምቢ ብለዋቸዋል፤ ዋጋን የሚወስነው አላህ መሆኑን፣ እሳቸውም ማንም በደምም በገንዘብም በደል ሳይጠይቃቸው ጌታቸውን መገናኘት እንደሚሹ ገልጸዋል። ባለሱቁን በግድ ማስረከስ የለም፤ ባለቻናሉንም በግድ ማስወደድ የለም።

እኔን ግን ከክርክሩ ይልቅ የሚይዘኝ ኸሊፋው በእግራቸው ወደ አንድ ዘቢብ ሻጭ ቤት መሄዳቸው ነው። በገበያ መሀል የተናገሩትን በር አንኳኩተው አነሱት።

መርካቶ የሚነግድ አንድ ወዳጅ አለኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እሱም ቻናል ከፍቷል። ያው ጫማ፣ ያው ካርቶን፣ መደርደሪያው ላይ አንድ ዋጋ፣ ቻናሉ ላይ ሌላ ዋጋ፤ ልዩነቱ 300 ብር ገደማ ነው። መጀመሪያ ሳይ «ይሄማ ራስህን መስረቅ ነው» ብዬው ሳቅን። እሱ ግን ቆጥሮ ነው የያዘው። ሱቅ የመጣ ሰው በአማካይ አራት ጫማ ያስወርዳል፣ ልጁን ያስቀምጣል፣ ይከራከራል፣ በሳምንቱ ቁጥር ይቀይራል። ቻናል ላይ ያዘዘው ቁጥሩን ጽፎ ይልካል፣ ለሞተረኛው ራሱ ይከፍላል፣ ቅያሪ የለውም፤ ይህም ከዋጋው ሥር በግልጽ ተጽፏል። «300ው የአራቱ ጫማ ዋጋ ነው» ይላል። ለለኩና ሳይገዙ ለወጡት ምን እንደሚል ጠየቅኩት። ወንበሩን እየጠረገ «አንዳንዶቹ ደረጃው ላይ ቆመው ከራሴው ቻናል ነው የሚያዙት» አለኝ።